«መፈለግ ብቻ ነው» አትበሉን!

ስማችሁ በስንት መዝገብ ላይ እንደሰፈረ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁን? በሐኪም ቤት፣ በባንክ፣ በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት፣ በአሠሪያችሁ መሥሪያ ቤት፣ በዕድሩ ሳይቀር። ድሮ እነዚህ መዝገቦች በመደርደሪያ ላይ ነበሩ። መዝገብ ቤቱ በር ነበረው፤ በሩ ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉም በአንድ ስሙ በሚታወቅ ሠራተኛ እጅ ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎቹ መዝገቦች ሰርቨር በሚባሉ፣ ባለጉዳዩ በማያያቸው ኮምፒዩተሮች ውስጥ ተቀምጠዋል። ሰርቨሩ በሌላ ሕንፃ፣ በሌላ ከተማ፣ አንዳንዴም በሌላ አገር ሊሆን ይችላል።

በእነዚህ ሰርቨሮች በር ላይ አዲስ እንግዳ ቆሟል። እንግዳው ሰው አይደለም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ፣ «ኤጀንት» የሚባል ፕሮግራም ነው። ጥያቄ ሲቀርብለት በሩቅ ሰርቨር ላይ ያሉትን ፋይሎች ራሱ እየፈለገ፣ ራሱ እያነበበ መልስ ያመጣል። ይህን ችሎታ የሚሰጡትን መሣሪያዎች የሚያስተዋውቁ ሰዎች ደግሞ «አትፍሩ፤ አይጽፍም፣ አያጠፋም፤ መፈለግ ብቻ ነው» ይሉናል። ይህን ጽሑፍ ያጻፈችን ይህች «ብቻ» የምትለው ቃል ናት። የሰውን መዝገብ መፈለግና ማንበብ መቼ ነው «ብቻ» የሆነው?

መሣሪያው ምንድን ነው?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1973 የቤል ላቦራቶሪው ኬን ቶምፕሰን «ግሬፕ» የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ሠራ። አንድ ቃል ይሰጡታል፤ እሱም ፋይሎቹን መስመር በመስመር ፈትሾ ያ ቃል ያለባቸውን መስመሮች ለይቶ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን፣ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ የይለፍ ቃሎች በመጠለፋቸው ምክንያት፣ «ኤስ ኤስ ኤች» የተባለውን መገናኛ ፈጠረ። ይህ መገናኛ ሩቅ ያለ ሰርቨርን በምስጢራዊ መንገድ፣ ቢሮ ተቀምጦ ለማዘዝ ያስችላል። ሁለቱ ሲጣመሩ አንድ ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሣ በሌላ ከተማ ያለ ፋይል ውስጥ የፈለገውን ቃል ያገኛል። ይህ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተሠራበት መንገድ ነው፤ በእርሱ ላይ ክርክር የለንም።

አዲሱ ነገር አዛዡ መለወጡ ነው። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የተሰኘ የጋራ ደንብ ይፋ አደረገ። ደንቡ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከፋይሎች፣ ከመረጃ ቋቶችና ከልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ጋር የሚገናኝበት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች በዚህ ደንብ ላይ ብዙ መሣሪያ ሠሩ፤ በኤስ ኤስ ኤች በኩል ሩቅ ሰርቨር ገብተው የሚፈልጉትም ከእነዚሁ ውስጥ ናቸው። ባለሙያው «ትናንት ማታ ሲስተሙ ለምን ቆመ?» ብሎ በተራ ቋንቋ ይጠይቃል። በየትኛው ፎልደር፣ በየትኛው ቃል እንደሚፈለግ የሚወስነው ኤጀንቱ ነው። ያገኘውን ያነባል፤ ባነበበው ላይ ተመሥርቶ ሌላ ፍለጋ ያስከትላል።

ጥቅሙን አንክድም። በሌሊት የቆመ ሲስተም ምክንያቱን ለማግኘት አእላፍ መስመሮችን በድካም ዓይን ያነበበ ባለሙያ፣ ይህ መሣሪያ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያውቃል። ክርክራችን ከመሣሪያው ጋር ሳይሆን መሣሪያውን ያለ ልጓም ከሚለቁት ጋር ነው። እነርሱም ሦስት ማባበያዎች አሏቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው ማባበያ፦ «ፋይሉ ከቦታው አይነሣም»

እውነት ነው፤ ፋይሉ እንዳለ አይገለበጥም። የሚመጡት ቃሉ የተገኘባቸው መስመሮች ናቸው። ታዲያ እነዚህ መስመሮች ወዴት ይሄዳሉ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ማስታወቂያ እምብዛም አናይም።

ኤጀንቱ የሚያስብበት ሞዴል ብዙውን ጊዜ በባለሙያው ላፕቶፕ ውስጥ የለም። የሚገኘው በባለቤቱ ኩባንያ የኮምፒዩተር ማዕከል ውስጥ ነው። ኤጀንቱ አነበበ ማለት መስመሮቹ ወደዚያ ማዕከል ተላኩ ማለት ነው። ስለዚህ ፋይሉ ባይነሣም ይዘቱ ሁለት ድንበር ተሻግሯል፤ ከሰርቨሩ ወደ ላፕቶፑ፣ ከላፕቶፑ ወደ ሌላ ኩባንያ። ሞዴሉን በራሱ ግቢ ያስቀመጠ ድርጅት ከዚህ ነቀፋ ነጻ ነው፤ ሌላው ግን ነጻ አይደለም።

እስኪ አንድ ክሊኒክ እናስብ። የኮምፒዩተር ባለሙያው «የዚች ታካሚ ክፍያ ለምን አልተመዘገበም?» ብሎ ኤጀንቱን ይጠይቃል። በፍለጋው የተገኙት መስመሮች ስሟን፣ ስልኳን፣ የታዘዘላትን ምርመራና ውጤቱን ይዘው ይመጣሉ። ባለሙያው ክፉ አላሰበም፤ ክፍያ ነው የጠየቀው። እርሷ ግን ለሐኪሟ ብቻ የነገረችው ነገር ከሐኪሟ እጅ ወጥቷል። አበው «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። ከሰርቨር የወጣም እንዲሁ ነው፤ «መልሱልኝ» ቢሉት የሚመለስ አይደለም። አንድን ሰው ለማሳፈር፣ ከሥራ ለማስወጣት፣ ትዳር ለማፍረስ ሙሉ ፋይል አያስፈልግም፤ አንዲት መስመር ትበቃለች።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሕግም ነው። በአገራችን የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ እንዲውል፣ ወደ ውጭ አገር ሲተላለፍም ጥበቃ እንዲደረግለት ይጠይቃል። «ፋይሉ አልተነሣም» ማለት ለዚህ መልስ አይሆንም።

ሁለተኛው ማባበያ፦ «ሠራተኛውም እኮ ማየት ይችል ነበር»

ክርክሩ እንዲህ ነው። ኤጀንቱ የሚገባው በሠራተኛው ቁልፍ ነው፤ ሠራተኛው የማያየውን አያይም፤ ታዲያ ምን ተጨመረ?

ብዙ ተጨምሯል። ሠራተኛው የሺህ ሰዎችን መዝገብ ማየት ቢፈቀድለትም ሺውን አያነብም። ጊዜ የለውም፣ ይደክመዋል፣ ያፍራል፣ «ይህን ለምን ከፈትህ?» ተብሎ መጠየቅን ይፈራል። መዝገቦቻችንን ሲጠብቅልን የኖረው የብረት ቁልፍ ብቻ ሳይሆን ይህ ድካም፣ ይህ እፍረትና ይህ ፍርሃት ጭምር ነው። ኤጀንቱ ግን አይደክምም፤ አያፍርም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉንም ይፈትሻል። ቁልፉ ያው ነው፤ የሚገባው ግን ያው አይደለም። ስፋት ያለው ፈቃድ ለሰው ሲሰጥ የኖረው ሰው በሙሉ እንደማይጠቀምበት ታምኖ ነው።

ሌላም አለ። ኖርም ሃርዲ የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ታሪክ ተርኳል። ፕሮግራሞችን የሚተረጉም አንድ መሣሪያ ነበር፤ የራሱን የአጠቃቀም መዝገብ እንዲጽፍ ሲባል በሲስተሙ ፎልደር ውስጥ የመጻፍ ፈቃድ ተሰጠው። በዚያው ፎልደር የደንበኞች የሒሳብ ፋይልም ይገኝ ነበር። አንድ ተጠቃሚ ለመሣሪያው «ውጤቱን በዚህ ስም ጻፍልኝ» ብሎ የሒሳቡን ፋይል ስም ሰጠው። ተጠቃሚው ያንን ፋይል የመንካት ፈቃድ አልነበረውም፤ መሣሪያው ግን ነበረው። ስለዚህ ታዘዘ፤ የሒሳቡም መዝገብ ጠፋ። ሃርዲ ይህን ችግር በእኛ አነጋገር «ግራ የተጋባ ምስለኔ» ልንለው በምንችለው ስም ጠራው። ምስለኔው አልከዳም፤ ከሁለት ጌታ ሥልጣን ተቀብሎ በየትኛው እንደሚሠራ አለማወቁ ነው ጥፋቱ።

የሠራተኛውን ቁልፍ የያዘ ኤጀንት ግራ የተጋባ ምስለኔ እንጂ ሌላ ምንድን ነው? በዚያ ላይ ይህኛው ምስለኔ ትእዛዝ የሚቀበለው ከጌታው ብቻ አይደለም። ይህም ወደ ሦስተኛው ያደርሰናል።

ሦስተኛው ማባበያ፦ «ያነባል እንጂ አይነካም»

በመጀመሪያ፣ በሰርቨር ውስጥ የሚነበበው ምን እንደሆነ እናስታውስ። ፕሮግራሞች የመረጃ ቋት የሚከፍቱባቸው የይለፍ ቃሎች ብዙ ጊዜ በተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይቀመጣሉ። ወደ ሌሎች ሰርቨሮች የሚያስገቡ ቁልፎችም ፋይሎች ናቸው። ቁልፍን ማንበብ ቁልፍን መያዝ ነው። «አይነካም» የተባለው እንግዳ የሌላውን ቤት ቁልፍ በልቡ መዝግቦ ከወጣ መንካት የሚባለው ምኑ ቀረ?

ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው። እነዚህ ሞዴሎች የሚነበበውን ጽሑፍ ከሚታዘዙት ትእዛዝ አጥርተው አይለዩም። ለእነርሱ ሁለቱም ቃላት ናቸው። በሚነበብ ጽሑፍ ውስጥ ትእዛዝ ደብቆ ኤጀንቱን ማሳሳት እንደሚቻል ባለሙያዎች ካወቁ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሳይመን ዊሊሰን የተባለው የፕሮግራም ባለሙያ ለዚህ ጥቃት ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ነው።

«በእኛ ሰርቨር ላይ ጠላት እንዴት ሊጽፍ ይችላል?» የሚል ቢኖር፣ የየዕለቱን ሎግ ይመልከት። የድረ ገጽ ሰርቨር የመጣውን ጎብኚ ሁሉ ይመዘግባል፤ የጠየቀውን አድራሻና የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ስም ጎብኚው እንደላከው ይጽፋል። ስለዚህ ማንኛውም የሩቅ ሰው፣ በሩን ሳይሰብር፣ በእናንተ ሎግ ውስጥ የፈለገውን ዓረፍተ ነገር ማስጻፍ ይችላል። ኤጀንቱም ከሁሉ በፊት እንዲያነብ የሚታዘዘው ይህንኑ ሎግ ነው!

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የኢንቫሪያንት ላብስ ተመራማሪዎች በጊትሀብ ላይ አሳይተውታል። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ማኅደር ላይ ማንም ሰው አስተያየት መጻፍ ይችላል። ተመራማሪዎቹ በአስተያየቱ ውስጥ ትእዛዝ አስቀመጡ። ኤጀንቱ «የመጡትን አስተያየቶች ተመልከት» ሲባል ያንን አነበበ፤ ታዘዘም። ከባለቤቱ ዝግ ማኅደሮች ውስጥ መረጃ አውጥቶ ሁሉ በሚያየው ቦታ ለጠፈው። በዚያው ዓመት በጁን ወር ደግሞ የማይክሮሶፍት 365 ኮፓይለት ላይ የተገኘ «ኢኮሊክ» የተባለ ክፍተት ይፋ ሆነ። አንድ ኢሜይል ይላካል፤ ተቀባዩ ምንም ሳይጫን፣ ረዳቱ ፕሮግራም በኢሜይሉ በተደበቀው ትእዛዝ ተመርቶ የድርጅቱን መረጃ ወደ ውጭ ሊያወጣ ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን ዘግቷል፤ ጉዳት የደረሰበት ደንበኛ እንደሌለም ገልጿል። መልካም አደረገ። ግን እንዲህ ያለ ክፍተት በታላቅ ኩባንያ ሥራ ላይ ከተገኘ፣ አንድ ሰው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሠርቶ በነጻ ባሰራጨው መሣሪያ ላይ ምን ዋስትና አለን?

«አልተገኘም» እና «የለም»

እስካሁን የተናገርነው ኤጀንቱ ስለሚያገኘው ነው። ስለማያገኘው ደግሞ እኛ አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ከሌላው ይበልጥ ልንጨነቅ ይገባል።

አንድ ጸሐፊ «ሐሰን» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «ሀሰን»፤ ሦስተኛው «ሃሰን»። «ዐሊ» እና «አሊ»፣ «ኸዲጃ» እና «ከዲጃ»፣ «ሙሐመድ» እና «መሀመድ»፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ለእኛ አንድ ስም ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ሦስተኛ እትም ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ የተለያየ ቁጥር ነው የተሰጣቸው። መሰጠታቸውም ትክክል ነው። ነገር ግን ግሬፕ «ሐሰን»ን ፈልግ ሲባል «ሀሰን»ን አልፎት ይሄዳል፤ ለእርሱ ሁለቱ እንደ በሬና ፈረስ የተለያዩ ናቸው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ፋይሎችማ ጭራሽ የአማርኛ ቁጥር የላቸውም፤ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይታያሉ። በስካነር የገባ ደብዳቤም ለግሬፕ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም።

በዚህ ላይ የመሣሪያዎቹን ጠባይ ጨምሩበት። እንዳያይ የተከለከለበትን ፎልደር ሲያገኝ ዘሎ ያልፋል፤ ማለፉንም ብዙ ጊዜ አይናገርም። ውጤቱ ሲበዛ ከተወሰነ መስመር በኋላ ይቆርጠዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ኤጀንቱ በጠራና በተረጋጋ አማርኛ «በመዝገቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ስም አልተገኘም» ይላል። ሥራ የበዛበት ሹምም ይህን «የለም» ብሎ ያነበዋል።

ልብ በሉ! በዚህች በአንዲት ቃል መለወጥ ምክንያት የባሏን ጡረታ የምትጠይቅ ሴት በባዶ እጇ ልትመለስ ትችላለች፤ ተማሪ ውጤቱን፣ ገበሬ የመሬት ማስረጃውን ሊያጣ ይችላል። የድሮው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ቢያንስ «እስቲ በሃሌታው ሀም ልየው» ይል ነበር። ይህን ለኤጀንቱ ማስተማር ይቻላል፤ ቢታዘዝ በሁሉም አጻጻፍ ሊፈልግ ይችላል። ግን ማን አስተማረው? ማንስ አረጋገጠ?

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንዳንዶች «እንግዲያውስ ይከልከል» ይላሉ። ከእነርሱም ጋር አንስማማም። የተከለከለ መሣሪያ በጓሮ በር ይገባል፤ ሠራተኛው አለቃው ሳያውቅ በራሱ ላፕቶፕ ይጭነዋል፤ ያን ጊዜ ልጓም የሚባል ነገር አይኖርም። የሚሻለው በፊት በር፣ በታወቀ መለያ፣ በተለካ ፈቃድ ማስገባት ነው። ሳልዘርና ሽሮደር የተባሉ ሁለት የኮምፒዩተር ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1975 ማንኛውም ፕሮግራምና ማንኛውም ተጠቃሚ ሥራውን ለመፈጸም ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አይሰጠው ብለው ጽፈዋል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ምክር ነው። ዛሬ የምንጠይቀው እርሱ እንዲፈጸም ነው፤ ይኸውም፦

1ኛ/ ኤጀንቱ በሠራተኛው ቁልፍ አይግባ። የራሱ መለያና የራሱ ቁልፍ ይኑረው። ኤስ ኤስ ኤች አንድ ቁልፍ አንድ የተወሰነ ትእዛዝ ብቻ እንዲፈጽም ማሰር ያስችላል፤ ይህ ማሰሪያ ሥራ ላይ ይዋል።

2ኛ/ የሚፈልግበት ፎልደር ተለይቶ ይሰጠው። የይለፍ ቃሎች፣ ቁልፎችና የሰዎች የግል መዝገብ ከዚያ ውጭ ይሁኑ። ክልከላውም በሰርቨሩ ፈቃድ ይሁን እንጂ ለኤጀንቱ «እባክህ ይህን አታንብብ» ብሎ በመጻፍ አይሁን። ልመና አጥር አይሆንም።

3ኛ/ ዊሊሰን እ.ኤ.አ. በጁን 2025 እንዳስጠነቀቀው ሦስት ነገሮች በአንድ ኤጀንት ላይ አይገናኙ፦ ምስጢር የማየት ፈቃድ፣ ከማይታመን ሰው የመጣ ጽሑፍ ማንበብ፣ እና ወደ ውጭ የመላክ መንገድ። ቢያንስ አንዱ ይጉደል።

4ኛ/ እያንዳንዱ ፍለጋ በሰርቨሩ ላይ ይመዝገብ፤ ኤጀንቱም መዝገቡን መደለዝ አይቻለው። ከመዝገቡ ጎን ኃላፊነቱን የሚወስድ የአንድ ሰው ስም ይኑር። ኤጀንት ፍርድ ቤት አይቆምም፤ ሰው ነው የሚቆመው።

5ኛ/ የሰው መብት በሚነካ ጉዳይ ላይ «አልተገኘም» የሚለው መልስ የት እንደተፈለገ፣ በምን አጻጻፍ እንደተፈለገና የትኛው ቦታ እንዳልታየ ሳይገልጽ ተቀባይነት አይኑረው። የመጨረሻውን ቃል ሰው አይቶ ይስጥ።

«ይህ ሁሉ ሥራ ያጓትታል» የሚሉ አይጠፉም። ለእነርሱ ያለን መልስ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ያገራችን ብሂል ነው። ኤጀንቱን በአንድ ቀን አስገብቶ የወጣውን ምስጢር በዓመት ውስጥ ሰብስቦ መጨረስ ካልተቻለ፣ የተቆጠበው ጊዜ የቱ ነው?

ውድ አንባቢያን!

«ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» አትበሉ። በፋይሉ ውስጥ ያለው የእናንተ ስም ነው። ለመጠየቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በምትታከሙበት ክሊኒክ፣ ልጆቻችሁ በሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ገንዘባችሁን ባስቀመጣችሁበት ማኅበር ሦስት ጥያቄ አቅርቡ። መዝገባችንን የሚፈልገው ማን ነው? በማን ቁልፍ ይገባል? ያገኘው ነገር ወዴት ይሄዳል? መልስ ያላቸው ይመልሳሉ። መልስ የሌላቸውም ቢሆኑ በጠያቂ ብዛት መፈለግ ይጀምራሉ።

እናንተም በዚህ ሙያ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የሰርቨሩ ቁልፍ በእጃችሁ ያለው የእናንተ ሆኖ አይደለም። ታካሚዋ፣ ተማሪው፣ ባለገንዘቡ ለመሥሪያ ቤቱ የሰጡት አማና ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ለእናንተ ሰጠ። አማናን ተቀብሎ ለሦስተኛ ወገን ሲያሳልፉ ባለቤቱን ማስፈቀድ ይገባል። ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ፣ ወሰኑን ሳትለኩ፣ «መፈለግ ብቻ ነው» ብላችሁ ቁልፉን አትስጡ። አደራ!